ዳግማዊ ምኒልክ፣ የመጀመሪያዎቹ አውቶሞቢሎችና የፍሬን ጥበብ

የዳግማዊ ምኒልክ የሥልጣኔ ፍቅር በታሪክ ጽሑፎች ዘወትር ይነሣል። ይሁን እንጂ የሚቈጠረው ወደ ሀገር የገባው መሣሪያ ነው፤ መሣሪያው ከገባ በኋላ በማን እጅ ይጠገን እንደ ነበር እምብዛም አይጠየቅም። ይህ አጭር ጽሑፍ የንጉሠ ነገሥቱን ሕይወት ከዚህ ጥያቄ አንጻር ይመለከታል፤ ለምሳሌነትም የአውቶሞቢልን ፍሬን ይወስዳል።

ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. በአንጎለላ ተወለዱ። በ1848 ዓ.ም. አባታቸው ንጉሥ ኃይለ መለኮት ሲሞቱ በዐፄ ቴዎድሮስ እጅ ወደቁ፤ ከመቅደላ አምልጠው ወደ ሸዋ እስከ ተመለሱበት እስከ 1857 ዓ.ም. ድረስም በዚያ አደጉ። ዘመኑ ቴዎድሮስ የውጭ ባለሙያዎችን በጋፋት አስቀምጠው መሣሪያ ለማሠራት የደከሙበት ነበር። ምኒልክም በሸዋ ከነገሡ በኋላ ተመሳሳይ መንገድ ተከተሉ። በ1871 ዓ.ም. አንኮበር የደረሱት ስዊዛዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ የአዋሽን ድልድይ፣ ወደ ቤተ መንግሥት የሚገባውን የቧንቧ ውኃና የምድር ባቡሩን ውጥን ከያዙት ዋነኛው ሆኑ። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው የሰዓትንና የጠመንጃን ብልት ፈትተው መመልከት ይወዱ እንደ ነበር በጊዜው የጎበኟቸው ሰዎች ጽፈዋል።

በየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ከተገኘው የዓድዋ ድል በኋላ ፋታ ተገኘ። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደርሶ ለዓመታት በዚያ ቆመ፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ጉዞ በበቅሎና በግመል ነበር። በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሌይ በሲድሌይ መኪና ከጅቡቲ ተነሥቶ አዲስ አበባ ገባ፤ ጀርመናዊው አርኖልድ ሆልትስም በናኬ መኪና መጣ። ምኒልክ በመኪና ተሳፍረው ሄዱ። ነገሩ ግን የመሣፈር ብቻ አልነበረም።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች፣ ዳገትና ቁልቁለት የበዛባት ከተማ ናት። ቤተ መንግሥቱ በአንድ ጉብታ፣ የአራዳ ገበያና የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን በሌላው ላይ ናቸው፤ በመካከላቸው ሸለቆ አለ። በዚህ ምድር ላይ መኪና ከመሄዱ ይልቅ መቆሙ ይከብዳል። የዚያ ዘመን አውቶሞቢሎች በፊት እግራቸው ፍሬን አልነበራቸውም። በብዙዎቹ አንዱ ፍሬን ከካምቢዮው በስተኋላ ያለውን ዘንግ ይይዛል፤ ሌላው በእጅ የሚሳብ ሆኖ የኋላ ጎማዎችን ታምቡር ይይዛል። ፈረንሳዊው ሉዊ ሬኖ በ1902 እ.ኤ.አ. ባስመዘገበው አሠራር ሁለት ግማሽ ክብ ጫማዎች በታምቡሩ ውስጥ ተቀምጠው ሲሳቡ ወደ ውጭ ተከፍተው ግድግዳውን ይጫናሉ፤ ሲለቀቁ ሞላ ይመልሳቸዋል። ውስጥ በመሆናቸው ጭቃና ውኃ በቀላሉ አያገኛቸውም።

ይህ አሠራር ግን ጠባቂ ይሻል። የጫማው ሸራ በተበላ ቁጥር በእርሱና በታምቡሩ መካከል ያለው ክፍተት ይሰፋል፤ ፔዳሉም ይረዝማል። ስለዚህ መኪናው በክሪክ ተነሥቶ፣ የቀሩት ጎማዎች በድንጋይ ተደግፈው፣ ማስተካከያው ጎማው እስኪያሽ ድረስ ይጠብቃል፤ ከዚያ በነጻ እስኪዞር ጥቂት ይላላል። ግራና ቀኙ እኩል ካልሆነ መኪናው ሲያዝ ወደ አንድ ወገን ይጎትታል። በረጅም ቁልቁለት ታምቡሩ ሲግል ሰፍቶ ከጫማው ይርቃልና፣ አዋቂ ነጂ በከባድ ማርሽ ይወርዳል እንጂ በፍሬን ብቻ አይታመንም።

እንዲህ ያለው ዕውቀት ከመኪናው ጋር በሣጥን ታሽጎ አይመጣም። አውቶሞቢሎቹ ሲደርሱ ኢልግ ሀገር ለቀው ነበር። ምኒልክ በስማቸው የሚጠራውን ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ ትምህርቱ ግን ይበልጡን የቋንቋ ነበር። የእጅ ባለሙያ በማኅበረሰቡ ዘንድ በስድብ ስም ይጠራ ስለ ነበር፣ ንጉሠ ነገሥቱ ሠራተኛን እንዳይሰድቡ በአዋጅ ከለከሉ። አዋጁ መሣሪያ ያለ ጠጋኝ ከንቱ መሆኑን መረዳታቸውን ያሳያል፤ ፍሬውን ለማየት ግን ዕድሜ አልሰጣቸውም። በ1902 ዓ.ም. ሕመም አንደበታቸውን ያዘው፤ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. አረፉ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው።

የጥገናው ዕውቀት በአመዛኙ የመጣው በሌላ በር ነው። ሞላ፣ ክሪክ፣ ካምቢዮ፣ ካቻቢቴ የሚሉት የጋራዥ ቃላት ከጣልያንኛ የተወረሱ ናቸው፤ በዓድዋ የተሸነፈው ወገን ቋንቋ በጠጋኙ አፍ ላይ ቀረ። ኋላም ቮልስዋገን በከተማው ሲበዛ፣ ባለቤቱ በግቢው ውስጥ ካቻቢቴ ይዞ በየጎማው ያሉትን ሁለት ሁለት ጥርሳም ማስተካከያዎች ራሱ ማዞር ለመደ። ከአሮጌ ሸራ የሚወጣው የአስቤስቶስ ብናኝ ሳንባን እንደሚጎዳ በመታወቁ፣ ዛሬ ብናኙ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል እንጂ በአፍ አይነፋም።

በ1923 ዓ.ም. በዘውድ በዓል ዋዜማ የተመረቀው፣ ጣልያኖች ያነሡትና ከነጻነት በኋላ የተመለሰው ሐውልት ምኒልክን በፈረስ ላይ ያሳያል። ከአደባባዩ ወደ ለገሃር የሚወርደው ቁልቁለት ግን የመኪና ነው። በዚያ ቁልቁለት በደኅና የሚወርድ ሁሉ ንጉሠ ነገሥቱ በአዋጅ ክብር የፈለጉለትን የእጅ ባለሙያ ሥራ ተማምኖ ይወርዳል።