የሮኬቱ መምህር

ኮንስታንቲን ፂዮልኮቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1857 በሩሲያ ተወለደ። በ10 ዓመቱ ገደማ ታሞ ጆሮው መስማት ከሞላ ጎደል ስለተሳነው ከትምህርት ቤት ቀረ። ታዲያ በዚህ አላበቃም፤ በ16 ዓመቱ ሞስኮ ሄዶ፣ ደረቅ ዳቦ እየበላ፣ ገንዘቡን በመጻሕፍትና በኬሚካል እየጨረሰ ራሱን በራሱ አስተማረ። የመምህርነት ፈተና አልፎ ከ1880 ጀምሮ 40 ዓመት ያህል አስተማሪ ሆነ። ለተማሪዎቹ የሚያሳየውንም መሣሪያ በገዛ እጁ ይሠራ ነበር። በ1903 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ፈሳሽ ሃይድሮጂንና ኦክሲጅን ተዋህደው ሲነዱ ወደ ኋላ የሚወጣው ጋዝ ሮኬትን አየር በሌለበት ጠፈር እንኳ እንደሚገፋ በስሌት አሳየ። በ1935 ሞተ፤ ስፑትኒክ የመጠቀችው ከ22 ዓመት በኋላ ነው።

እኛ ሐኪም ጋራ ሥር የምንሠለጥን ዕጩ መምህራን ነገ የምንመደብበት ትምህርት ቤት ላቦራቶሪ ላይኖረው ይችላል። አቼቶ፣ ቤኪንግ ሶዳ፣ የፕላስቲክ ጠርሙስና ቡሽ ግን አይጠፋም እኮ! አቼቶና ሶዳ ሲገናኙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይፈጠራል። ጋዙ ሲታመቅ ቡሹን አስፈንጥሮ ፈሳሹን ወደ ታች ይተፋል፤ የተደፋው ጠርሙስም ወደ ላይ ይወነጨፋል። ልጆቹን ራቅ አድርገን እናቁም፤ ጠርሙሱን ምን እንዳነሳው እንጠይቃቸው፤ መልሱን ራሳቸው እስኪደርሱበትም እንታገሥ።