ናፖሊዮንና የጨጓራ ካንሰር፦ በሽታው በዘር የመጣ ነበር?

በቆቦ ወይም በራያ ቆላ ሆነው አባትዎን ወይም እናትዎን በጨጓራ ካንሰር አጥተው ከሆነ፣ ሆድዎን ባመመዎት ቁጥር ተራው የእርስዎ የደረሰ ሊመስልዎት ይችላል። የፈረንሳዩ ንጉሠ ነገሥት ናፖሊዮን ቦናፓርትም በመጨረሻ ዘመኑ ይህ ፍርሃት ነበረበት።

ናፖሊዮን እ.ኤ.አ. በ1769 በኮርሲካ ደሴት ተወለደ። 15 ዓመት ሲሆነው አባቱ ካርሎ በ38 ዓመቱ በጨጓራ ዕጢ ሞተ። ናፖሊዮን በ1804 ነገሠ፤ በ1815 ዋተርሉ ላይ ተሸንፎ ወደ ሴንት ሄሌና ደሴት ተጋዘ። እዚያም ሆዱን ያመው፣ ያስመልሰው ጀመር፤ ሰውነቱም ከሳ። ሐኪሞች ጉበቱን ሲጠራጠሩ እሱ የአባቱን በሽታ ጠረጠረ። ለትንሹ ልጁ ጥንቃቄ እንዲረዳ፣ ሲሞት አስከሬኑ እንዲመረመር አዘዘ። በ1821 በ51 ዓመቱ ሞተ፤ ጨጓራው ላይም ሰፊ ቁስል ያለበት ዕጢ ተገኘ። ልጁ ግን በ1832 በ21 ዓመቱ የሞተው በሳንባ ነቀርሳ ነው።

በ2007 የአስከሬን ምርመራውን ዘገባ እንደገና ያጠኑ ሐኪሞች፣ ዋናው ምክንያት ከዘር ይልቅ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለው የጨጓራ ባክቴሪያ ሳይሆን አይቀርም ብለዋል።

ባክቴሪያው ካንሰር የሚያመጣው እንዴት ነው? የቆቦ ገበሬ የጎሊናን ጎርፍ ጠልፎ ቦይ እየከፈተና እየዘጋ ማሳውን ያጠጣል። በሴሎቻችን ውስጥም ጂኖችን እንዲሁ የሚከፍቱና የሚዘጉ ኢንዛይሞች አሉ። ዲኤንኤ ሜቲልትራንስፈሬዝ የሚባሉት ጂን ላይ ትንሽ ኬሚካላዊ ምልክት አኑረው ሥራውን ያስቆማሉ። ጨጓራ ለዓመታት ተቆጥቶ ሲኖር ምልክቱ ያለቦታው ይቀመጣል። ለምሳሌ ሴሎችን እርስ በርስ የሚያያይዘው ሲዲኤች1 የተባለው ጂን ይዘጋል። ይህ አብሮ የተወለደ ጉዳት አይደለም፤ ባክቴሪያው ሲጠፋም ምልክቱ በከፊል ሊቀንስ ይችላል።

የተበላሸ ጂን ከወላጅ በመውረስ የሚመጣው የጨጓራ ካንሰር ከ100 ሕሙማን ከ1 እስከ 3 በሚሆኑት ላይ ብቻ ይታያል። ቤተሰብ የሚጋራው ጂን ብቻ አይደለም፤ ባክቴሪያውም ብዙ ጊዜ በልጅነት፣ በቤት ውስጥ ይተላለፋል። ባክቴሪያው ካለባቸው ሰዎችም አብዛኞቹ ካንሰር አይዛቸውም።

ስለዚህ ወላጅዎ፣ ወንድምዎ ወይም እህትዎ በዚህ በሽታ ታመው ከሆነ ለሐኪም ይንገሩ፤ የባክቴሪያውንም ምርመራ ያድርጉ። ከተገኘብዎት ቢሻልዎትም መድኃኒቱን አያቋርጡ፤ ከጨረሱ ቢያንስ ከ4 ሳምንት በኋላ መጥፋቱን በምርመራ ያረጋግጡ።

ሰውነትዎ ያለምክንያት ከከሳ፣ ጥቂት በልተው ቶሎ ከጠገቡ ወይም ለመዋጥ ከተቸገሩ ማስታገሻ እየገዙ አይቆዩ፤ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ደም ካስመለስዎት ወይም ሰገራዎ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። ለኢንዶስኮፒ ወደ ወልድያ ወይም ወደ ደሴ ሪፈር ከተጻፈልዎትም ወረቀቱን ቤት አስቀምጠው አይዘግዩ።