ፊኒያስ ጌጅ፤ ብረት በአንጎሉ ያለፈበት የሐዲድ ሠራተኛ

በምሕንድስና ታሪክ ውስጥ ስማቸው የሚነሣው ብዙውን ጊዜ ድልድይ የዘረጉ፥ ግድብ የገደቡ ወይም ሞተር የፈለሰፉ ሰዎች ናቸው። ፊኒያስ ጌጅ ከእነዚህ አንዱ አልነበረም። በባቡር ሐዲድ ሥራ ላይ የተሰማራ ፎርማን ነበር። ይሁን እንጂ በሥራ ላይ የደረሰበት አንድ አደጋ ስሙን በአንጎል ጥናት መጻሕፍት ውስጥ አስፍሮታል።

ጌጅ እ.ኤ.አ. በ1823 በአሜሪካ በኒው ሃምፕሺር ግዛት ተወለደ፤ ከዚህ በታች የሚጠቀሱትም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። በ25 ዓመቱ በቬርሞንት ግዛት ለራትላንድና በርሊንግተን የባቡር መሥመር ዓለት የሚያፈነዱ ሠራተኞችን ይመራ ነበር። አሠሪዎቹም ከነበሯቸው ፎርማኖች ሁሉ ብቁው እርሱ እንደ ሆነ ያምኑ ነበር።

ሥራው ብርቱ ጥንቃቄ የሚጠይቅ ነው። ዓለቱ ይበሳል፤ ባሩድና እሳት የሚያደርሰው ገመድ ይገባበታል፤ በላዩ አሸዋ ይጨመራል፤ ከዚያም በረዥም ብረት ይጠቀጠቃል። አሸዋው የፍንዳታውን ኃይል ወደ ዓለቱ ይመልሳል፤ ብረቱም ባሩዱን በቀጥታ እንዳይነካ ይከላከላል። ጌጅ መጠቅጠቂያውን ያሠራው በአካባቢው ለሚገኝ አንጥረኛ ራሱ አዝዞ ነበር። ርዝመቱ 110፥ ውፍረቱ 3.2 ሳንቲ ሜትር፥ ክብደቱ 6 ኪሎ ያህል ሲሆን አንደኛው ጫፉ የሾለ ነበር።

ሴፕቴምበር 13 ቀን 1848 ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ገደማ፥ በኬቨንዲሽ ከተማ አጠገብ፥ ጌጅ ከኋላው ወደሚሠሩት ሰዎች ፊቱን ባዞረበት ቅጽበት ብረቱ ከዓለቱ ጋር ተጋጭቶ እሳት ፈነጠቀ። አሸዋ ያልተጨመረበት ባሩድ ፈነዳ። ብረቱ በግራ ጉንጩ ገብቶ፥ ከግራ ዓይኑ በስተጀርባ አልፎ፥ የፊት አንጎሉን ሰንጥቆ በዐናቱ ወጣ፤ 25 ሜትር ያህል ርቆም ወደቀ። ጌጅ ግን አልሞተም። ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ተናገረ፤ በበሬ በሚጎተት ጋሪ ላይ ቁጭ ብሎም ወደ ማረፊያው ተጓዘ። ዶክተር ጆን ማርቲን ሃርሎ የተባሉ ወጣት የገጠር ሐኪም ቁስሉን አጸዱ፤ በኋላም የቋጠረውን መግል ከፍተው አፈሰሱ። ጌጅ የግራ ዓይኑን ብርሃን ቢያጣም በአሥር ሳምንት ውስጥ ወደ ወላጆቹ ቤት ለመመለስ በቃ።

ነገሩ የሚከብደው ከዚህ በኋላ ነው። ሃርሎ እንደ መዘገቡት፥ ጌጅ የቀድሞውንም የቅርቡንም ነገር በደንብ ያስታውስ ነበር። ዳሩ ግን ዕቅድ አውጥቶ ወዲያው ይተወዋል፤ ፍላጎቱን የሚገታ ምክር አይቀበልም፤ ጸያፍ ቃል ያዘወትራል፤ ጥቂት ጠጠሮችን በ1000 ዶላር እንኳ ለመለወጥ እምቢ ይል ነበር። አሠሪዎቹ ሥራውን አልመለሱለትም፤ ወዳጆቹም የቀድሞውን ሰው በእርሱ ውስጥ አጡት።

ማስታወስ ሳይጎድል ማመዛዘን እንዴት ይጎድላል? አዲስ ትዝታን ለማኖር የሚያገለግለው ሂፖካምፐስ የተባለው ክፍል የሚገኘው በጎን አንጎል ውስጠኛ ገጽ ነው፤ ብረቱም በዚያ አላለፈም። የተጎዳው ከግንባር በስተጀርባ ያለው ክፍል ነው። ይህ ክፍል ትዝታን ከወቅቱ ሁኔታ ጋር ለማነጻጸር፥ ጥቅምን ከጉዳት ለመለየት፥ ሁኔታው ሲለወጥም ውሳኔን ለመለወጥ ያስችላል። መዝገብ ቤቱ ደኅና ሆኖ ሳለ መዝገቡን መርምሮ የሚወስነው ክፍል የታወከበትን መሥሪያ ቤት ይመስላል። በ1953 አብዛኛው ሂፖካምፐሱ ከሁለቱም ወገን በቀዶ ሕክምና የወጣለት አንድ አሜሪካዊ ደግሞ የዚህን ተገላቢጦሽ አሳይቷል፤ አስተዋይነቱ ሳይቀንስ አዲስ ትዝታ መያዝ ተሳነው።

ብዙ ጸሐፊዎች የጌጅን ታሪክ በዚህ ይዘጉታል፤ ከዚያ ወዲያ ሥራ ፈት ሆኖ እንደ ቀረ የሚያትቱም አሉ። የሕይወቱ ማስረጃ ግን ይህን አይደግፍም። ለጥቂት ጊዜ በኒው ዮርክ በባርነም ቤተ መዘክር ከብረቱ ጋር ለትርኢት ከቀረበ በኋላ በፈረስ ማከራያ በረት ተቀጠረ። በ1852 ወደ ቺሌ ተሻገረ፤ ለሰባት ዓመት ያህልም በቫልፓራይሶና በሳንቲያጎ መካከል የመንገደኛ ሠረገላ ነዳ። ስድስት ፈረሶችን በአንድነት መግራት፥ በባዕድ አገር መንገደኛን ማስተናገድ፥ እንደ መንገዱ ጠባይ ፍጥነትን መለዋወጥ ማመዛዘን ለተሳነው ሰው የሚቻል አይደለም። የሥነ ልቡና ታሪክ ተመራማሪው ማልኮም ማክሚላን፥ ሥርዓት ያለው የዕለት ሥራ የጌጅን ችሎታ ደረጃ በደረጃ መልሶለት ሊሆን እንደሚችል አስረድተዋል።

ጌጅ በ1859 ታሞ እናቱ ወዳሉበት ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ሄደ። በተከታዩ ዓመት የሚጥል በሽታ ያዘው፤ ሜይ 21 ቀን 1860 በ36 ዓመቱ ዐረፈ። ሃርሎ ቤተሰቡን ለምነው የራስ ቅሉንና ብረቱን ተረከቡ፤ ሁለቱም በሐርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤት ቤተ መዘክር ይገኛሉ። በ2012 የወጣ የኮምፒዩተር ጥናት፥ ከአንጎሉ ቅርፊት 4 በመቶ፥ ክፍሎቹን ከሚያገናኙት የነርቭ ክሮች ደግሞ 11 በመቶ ያህል እንደ ተጎዳ ገምቷል። በዚህ ግምት መሠረት ይበልጥ የተጎዳው መገናኛው ነው፤ ማመዛዘንም የአንድ ክፍል ብቻ ሳይሆን የብዙ ክፍሎች የጋራ ሥራ መሆኑን ያመለክታል።

እኛ የሙያ ባልደረቦች ከዚህ ሕይወት ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው ግልጽ ነው፤ ከሥራ ቅደም ተከተል አንድ እፍኝ አሸዋ ሲጎድል ዋጋው የሰው ሕይወት ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ከጉዳት በኋላ ባሉት ወራት የታየ ጠባይ የሰውየው የመጨረሻ መልክ አይደለም። በሥራ ቦታ ተጎድቶ የተመለሰ ባልደረባ ሲገጥመን ፍርዳችንን ማቆየት፥ የሚችለውን ሥራም በሥርዓት መስጠት ይገባናል። ለጌጅ ይህን ዕድል የሰጠው የራሱ ሙያ አልነበረም፤ የቺሌ መንገድ ነበር።