ከሐኪምነት እስከ ምክር ቤት፤ የዊልያም ጃርዲን ሕይወት

ዛሬ ታሪኩን የምናነሣው ሰው የተማረ፣ ታታሪና ቆራጥ ነበር። ሆኖም ስሙ በተነሣ ቁጥር አንድ ጥያቄ አብሮ ይነሣል፤ ይኸውም ዕውቀት ያለ ሕሊና ወዴት ያደርሳል የሚለው ነው። ዘመኑን የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ዊልያም ጃርዲን በ1784 በስኮትላንድ በሎክሜበን አጠገብ ተወለደ። አባቱ በልጅነቱ ስለ ሞተበት ታላቅ ወንድሙ እየረዳው በኤዲንብራ ሕክምና ተማረ። በ1802 የቀዶ ሐኪምነት ዲፕሎማውን ተቀብሎ፣ ገና በ18 ዓመቱ፣ በምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ መርከብ ላይ የሐኪም ረዳት ሆነ። ኩባንያው ለመርከብ ሹማምንቱ የግል ሸቀጥ የሚጭኑበት ጥቂት ቦታ ይፈቅድላቸው ነበርና፣ ወጣቱ ሐኪም ንግድን የቀመሰው በዚህች ቦታ ነው። በ1817 የመርከብ ሐኪምነቱን ትቶ ነጋዴ ሆነ፤ በ1832ም ከጄምስ ማቲሰን ጋር በቻይና ወደብ በካንቶን በስማቸው የሚጠራውን ኩባንያ አቋቋመ።

ኩባንያው ሻይ ወደ እንግሊዝ ይልክ ነበር፤ ትልቁ ትርፍ ግን ከሕንድ ከሚመጣው ኦፒየም ነው። ኦፒየም በዚያ ዘመን ከሐኪም ሣጥን የማይታጣ የሕመም ማስታገሻ ስለ ነበር፣ ጃርዲን ኃይሉን አያውቅም ነበር ማለት አይቻልም። የቻይና መንግሥት በሕግ የከለከለውን ይህን አደንዛዥ ነገር ፈጣን መርከቦች እያሠማራ በድብቅ ያስገባ ነበር። በ1839 ሊን ዜሹ የተባለው የቻይና ሹም ከ20,000 ሣጥን በላይ ኦፒየም ከነጋዴዎች ወርሶ በኖራና በጨው ውሃ አጠፋው።

ጃርዲን በዚያው ዓመት መጀመሪያ ከካንቶን ወጥቶ ነበር። ለንደን እንደ ደረሰ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩን ፓልመርስተንን አነጋገረ፤ ምን ያህል መርከብና ጦር እንደሚያስፈልግ፣ ምን ምን መጠየቅ እንደሚገባም መከረ። ጦርነቱ ተነሣ፤ ቻይናም ተሸነፈች። በ1842 በናንኪንግ ውል ሆንግ ኮንግን ለቀቀች፤ አምስት ወደቦችም ለንግድ ከፈተች፤ 21 ሚሊዮን ዶላር እንድትከፍልም ተገደደች። ከዚህ ውስጥ 6 ሚሊዮኑ የጠፋው ኦፒየም ዋጋ ነበር።

ጃርዲን በ1841 ከአሽበርተን ተመርጦ በእንግሊዝ ምክር ቤት ተቀመጠ፤ ግን ብዙ አልቆየም። በ1843፣ በ59 ዓመቱ፣ ሳያገባ ሞተ። በወንበሩ የተተካው ሸሪኩ ማቲሰን ነው።

ለሥጋ ዘመዶቹ ቸር፣ ለሥራው ትጉህ እንደ ነበር አንክድም። እኛን የሚያስደነግጠን ይኸው ነው፤ ትርፉን በመዝገቡ ላይ ያይ ነበር፣ ያጨሰውን በሽተኛ ግን ሊያይ አልፈለገም። እኛም ነገ ዲፕሎማችንን ይዘን ስንወጣ፣ የሥራችን ፍሬ ከማን ደጃፍ እንደሚወድቅ አስቀድመን እንጠይቅ።