ኢልያ ሜችኒኮቭ

ኢልያ ሜችኒኮቭ (እ.ኤ.አ. 1845–1916) በዛሬዋ ዩክሬን፣ በካርኪቭ አካባቢ የተወለዱ የሥነ ሕይወት ተመራማሪ ነበሩ። በ1884 ባሳተሙት ጥናት ዳፍኒያ የምትባለውን ደቃቅ የውኃ እንስሳ መረመሩ። ገላዋ ብርሃን ስለሚያሳልፍ፣ ከምግብ ጋር የተዋጡ መርፌ መሳይ የፈንገስ ስፖሮች የአንጀቷን ግድግዳ ወግተው ሲያልፉ በማይክሮስኮፕ አዩ። ተንቀሳቃሽ ሕዋሳት ስፖሮቹን ከበው ካጠፏቸው እንስሳዋ ትድናለች፤ ፈንገሱ ቀድሞ ከተራባ ግን ትሞታለች። ብዙ ሊቃውንት ጀርምን የሚገድለው የደም ፈሳሽ ነው ብለው ቢቃወሟቸውም፣ ከ1888 ጀምሮ በፓሪስ ፓስተር ተቋም ምርምራቸውን ቀጠሉ። በ1908 ከፓውል ኤርሊክ ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። በሰው አንጀት ግድግዳ ውስጥ ያሉ መሰል ሕዋሳት የፈንገስን ቅርፊት ዴክቲን-1 በተባለ ፕሮቲን እንደሚለዩ የታወቀው ከሞታቸው ብዙ ዘመን በኋላ ነው።