የበርገኑ ሐኪም ጌርሃርድ አርማወር ሐንሰን

በኖርዌይ አገር፣ በባሕር ዳር በምትገኘው በበርገን ከተማ፣ የቀድሞዎቹ የሥጋ ደዌ ሆስፒታሎች መዛግብት ተጠብቀው ይገኛሉ። ከወረቀቶቹም ጋር የሕሙማን ፎቶግራፎች አሉ። ደዌ መልካቸውን የለወጠው ወንዶችና ሴቶች፣ ሽማግሌዎችና ወጣቶች ከእነዚያ ሥዕሎች ውስጥ ወደ እኛ ይመለከታሉ። ዩኔስኮ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2001 ዓ.ም. የበርገንን የሥጋ ደዌ መዛግብት በዓለም መታሰቢያ መዝገብ ውስጥ አስገብቷቸዋል። በእነዚህ ሰዎች መካከል የሠራውን የአንድ ሐኪም ሕይወት ዛሬ እንተርካለን።

ጌርሃርድ ሐንሰን በ1841 በበርገን ተወለደ። የሕክምና ትምህርቱን በ1866 ከፈጸመ በኋላ፣ በ1868 በትውልድ ከተማው ሕሙማኑን ማገልገል ጀመረ። በዚያ ዘመን ኖርዌይ በዚህ ደዌ እጅግ ተቸግራ ነበር። በ1856 በመላው አገር የሕሙማን መዝገብ በተከፈተ ጊዜ፣ ስማቸው የተጻፈው ወደ 2800 ይደርሱ ነበር። ታላላቆቹ ሐኪሞች ደዌው ከወላጅ ወደ ልጅ በዘር የሚወርድ ነው ብለው ያስተምሩ ነበር። ሐንሰን ግን መዝገቡን መርምሮ፣ በየመንደሩም ዞሮ፣ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ መሆኑን ተረዳ። በየካቲት ወር 1873 ከሕሙማን እብጠት በወሰደው ናሙና ውስጥ የደዌውን ተሕዋስያን በማይክሮስኮፕ አየ። የሥጋ ደዌ እርግማን ሳይሆን፣ እንደ ሌሎች ደዌዎች ምክንያት ያለው በሽታ መሆኑ በዚህ ታወቀ።

ነገር ግን የዚህን ሰው በደል መሸሸግ አይገባም። ደዌው መተላለፉን ለማረጋገጥ በመቸኮል፣ በ1879 ከሌላ ሕመምተኛ የወሰደውን ነገር ሳያስፈቅድ በአንዲት ሕመምተኛ ሴት ዓይን ውስጥ አስገባ። ነገሩ ወደ ፍርድ ቤት ቀረበ፤ በ1880ም ጥፋተኛ ተብሎ ከሆስፒታሉ ሐኪምነት ተሻረ። ለአገሩ ሁሉ የተሰጠው የሥጋ ደዌ ዋና ሐኪምነት ግን አልተወሰደበትም። የታላቅ ሊቅ ዕውቀት እንኳ ድኻይቱን ሴት ሳይጠይቁ ገላዋን ለመንካት ሥልጣን እንደማይሰጥ ያ ፍርድ አስተማረ።

ሐንሰን በ1912 ዐረፈ። በሕይወቱ ሳለ የሕሙማኑ ቁጥር እጅግ ቀነሰ፤ በቅዱስ ጊዮርጊስ ሆስፒታል የቀሩት የመጨረሻዎቹ ሁለት ሕሙማን በ1946 ሞቱ። ዛሬ ደዌው በመድኃኒት ይድናል። በአገራችንም በአዲስ አበባ በ1970 የተቋቋመው የምርምር ተቋም በዚህ ሐኪም ስም ይጠራል።

ውድ አንባቢ ሆይ፣ የእነዚያን ሕሙማን ሥዕል የሚያይ ሰው ቁስሉን ብቻ አይይ። እያንዳንዱ ስም ነበረው፤ እናትም ነበረችው። የሐኪሙን ስም ዓለም ያውቀዋል፤ የእነርሱን ግን ያወቁት ጥቂቶች ናቸው። በየሰፈራችን ከሰው ተለይቶ የሚቀመጥ ድውይ ቢኖር፣ ሥዕሉ በመዝገብ ቤት ከመቀመጡ በፊት ፊቱን አይተን በስሙ እንጥራው።