ፍሎረንስ ናይቲንጌል፦ ለነርሶች ድካም ያሰበች ሴት

ፍሎረንስ ናይቲንጌል እ.ኤ.አ. በ1820 ከአንድ ሀብታም የእንግሊዝ ቤተሰብ ተወለደች። ነርስ እሆናለሁ ስትል ቤተሰቧ አጥብቆ ተቃወመ፤ ያኔ ነርስነት የተናቀ ሥራ ነበር። እሷ ግን በሐሳቧ ጸናች።

በ1853 ለንደን ውስጥ የአንዲት አነስተኛ ማስታመሚያ ቤት ኃላፊ ሆነች። ወደዚያ ከሚገቡት መካከል በሰው ቤት ተቀጥረው ልጆች የሚያስተምሩ፣ ሲታመሙ የሚጠጉበት የሌላቸው ሴቶች ነበሩ።

ፍሎረንስ መጀመሪያ ያየችው የነርሶቹን ድካም ነው። ነርሷ ቀኑን ሙሉ ውሃና ምግብ ተሸክማ ደረጃ ስትወጣና ስትወርድ ከዋለች ለታማሚዋ የሚተርፍ ጉልበት አይኖራትም። ስለዚህ ሙቅ ውሃ በቧንቧ በየፎቁ እንዲደርስ፣ ምግቡ በማንሻ ወደ ላይ እንዲወጣ፣ ደወል ሲደወልም የጠራችው ታማሚ ማን እንደሆነች የሚያሳይ ምልክት እንዲኖር ጠየቀች። ይህን ሁሉ የምታደርገው ያለ ደመወዝ ነበር።

በ1854 38 ነርሶችን ይዛ በዛሬዋ ኢስታንቡል ወደሚገኘው የጦር ሆስፒታል ሄደች፤ ዓለም ያወቃትም በዚያ ነው። በ1860 ለንደን ውስጥ የነርሶች ትምህርት ቤት ከፈተች። በ1910 በ90 ዓመቷ አረፈች።

አረጋዊ ወይም ሕመምተኛ የምታስታምሙ እህቶች፣ የሥራ ማቅለያ መጠየቅ ስንፍና እንዳልሆነ ከእሷ ሕይወት እንማራለን።